ሥጋ በል ድንጋይ፦ የሮማውያን የእብነ በረድ ሬሳ ሣጥኖች ምን ይነግሩናል?

በ2024 ከወደ ቡልጋሪያ አንድ የሚያስቅም የሚዘገንንም ወሬ ተሰማ። በጥቁር ባሕር ዳር፣ ቫርና ከተማ አቅራቢያ ባለ አንድ መጠጥ ቤት፣ ሰዎች እንደ ባንኮኒ የሚገለገሉበት ረጅም ድንጋይ ነበር። የአበባ ጉንጉን፣ የወይን ዘለላና የእንስሳት ራስ ተቀርጾበታል። ለመዝናናት የሄደ አንድ የቀድሞ ፖሊስ ዓይኑን ጣለበትና ጥቆማ ሰጠ። ባለሙያዎች መጥተው ሲያዩት ድንጋዩ የሮማውያን ዘመን የሬሳ ሣጥን፣ “ሳርኮፋገስ” የሚባለው፣ ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለ ወሬ በተሰማ ቁጥር ሦስት የተሳሳቱ ሐሳቦች አብረው ይናፈሳሉ። “ሳርኮፋገስ የግብፅ ነገር አይደለም እንዴ?” ይባላል። “ሮማውያን ሬሳ ያቃጥሉ አልነበር?” ይባላል። ደግሞም ሥዕሉን ያየ ሁሉ “ሟቹ ጦረኛ ነበር ማለት ነው” ብሎ ይደመድማል። በተለይ የመጨረሻው ብዙ ሰው ያሳስታል። እስቲ በየተራ እንያቸው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

“ሳርኮፋገስ” ምን ማለት ነው?

ቃሉ የግሪክ ነው። “ሳርክስ” ሥጋ፣ “ፋጌይን” መብላት። ሲገጣጠም “ሥጋ በል” ይሆናል። ስሙ የመጣው ከአንድ የድንጋይ ዓይነት ነው። በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው፣ በዛሬዋ ሰሜን ምዕራብ ቱርክ አሶስ በምትባል ከተማ የሚወጣ ድንጋይ አለ። ሬሳ ሲያስቀምጡበት በ40 ቀን ውስጥ ጥርስ ብቻ ሲቀር ሌላውን ሁሉ ይበላዋል ይላል። ፕሊኒ የሰማውን ሁሉ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ቃል በቃል አትያዙት። ስሙ ግን ከዚያ ድንጋይ አልፎ የማንኛውም የድንጋይ ሬሳ ሣጥን መጠሪያ ሆነ። የፈርዖኖቹን ሣጥኖችም በዚሁ የግሪክ ስም የጠራናቸው በኋላ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እኛ የሬሳ ሣጥን ስንል አፈር የሚገባ፣ ከቀብር በኋላ ማንም የማያየው የእንጨት ሣጥን ነው የሚታየን። የሮማውያኑ የእብነ በረድ ሣጥን ግን በአብዛኛው አፈር አይገባም። ቤተሰቡ ከከተማ ውጭ፣ መንገድ ዳር ባሠራው የመቃብር ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ዘመድ እየመጣ ያየዋል። በየዓመቱ ከየካቲት 13 እስከ 21 “ፓሬንታሊያ” የሚባል የሙታን መታሰቢያ ነበራቸው። አበባ፣ እህል፣ ወይን የነካ ዳቦና ትንሽ ጨው ይዘው ወደ መቃብሩ ይሄዳሉ። ተዝካር ያደገ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። እንግዲህ ሣጥኑ የተቀረጸው እየመጡ ለሚያዩት ቋሚዎች ነው ማለት ነው።

ታዲያ ሬሳ ያቃጥሉ አልነበር?

ያቃጥሉ ነበር። ለረጅም ጊዜ የሮም ከተማ ዋና ልማድ ሬሳን አቃጥሎ አመዱን በማሰሮ ወይም በትንሽ የድንጋይ ሣጥን ማስቀመጥ ነበር። ማሰሮዎቹ የሚደረደሩበት ቤት ግድግዳው ሁሉ ትናንሽ ጎድጓዳ መደርደሪያ ስለሆነ “የርግብ ቤት” ይባላል።

ያኔም ቢሆን ልማዱን ያልተቀበሉ ነበሩ። የኮርኔሊየስ ወገን ትልቅ ቤተሰብ ሬሳውን ሳያቃጥል ይቀብር ነበር። ከዚሁ ወገን የሆነው ሲፒዮ ባርባቱስ በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የተቀበረበት ሣጥን ዛሬ ቫቲካን ሙዚየም አለ። እብነ በረድ አይደለም፤ ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያው ወገን የመጣው አምባገነኑ ሱላ በ78 ከክርስቶስ ልደት በፊት ሲሞት ግን ተቃጠለ። ሱላ የጠላቱን የማሪየስን አጽም ከመቃብር አውጥቶ በትኖ ነበር። በእኔም ይደርሳል ብሎ ፈርቶ ነው ይባላል።

ነገሩ የተገለበጠው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከንጉሠ ነገሥት ሐድሪያን ዘመን ወዲህ ሀብታሞቹ ማቃጠሉን ትተው ሬሳውን እንዳለ ማኖር ጀመሩ። ብዙ ሰው ምክንያቱ ክርስትና ይመስለዋል። አይደለም። ያኔ ክርስቲያኖቹ ከቁጥር የማይገቡ ጥቂቶች ነበሩ። የግሪክ ፋሽን ነው የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ሀብትን ለማሳየት የተመቸ አዲስ መንገድ ነው የሚሉም አሉ። የሆነው ሆኖ ሙሉ ሰውነት ሙሉ ሣጥን ይፈልጋል። ትልቅ ሣጥን ደግሞ ትልቅ ባዶ ገጽ አለው። ቀራጮቹ ሥራ አገኙ።

ገንዘብ የሌለውስ?

የእብነ በረድ ሣጥን ለሁሉም አልነበረም። ለተራው ሰው ግን ሌላ ነገር ነበረ፤ ሳነበው “ይሄ እኮ እድር ነው!” ያልኩት።

ከሮም ደቡብ ምሥራቅ ባለችው ላኑቪየም ከተማ ከ136 ዓ.ም. የተረፈ የማኅበር ደንብ በድንጋይ ተጽፎ ይገኛል። መግቢያው 100 ሴስተርቲየስ ነው፤ የነሐስ ሳንቲማቸው ስም ነው። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ እንስራ ጥሩ ወይን ማምጣት ግዴታ ነው። ወርሃዊ መዋጮው 5 አስ የሚባሉ ሽርፍራፊ ሳንቲሞች። አባል ሲሞት ማኅበሩ 300 ሴስተርቲየስ ለቀብሩ ያወጣል። ከከተማው ከ20 ማይል በላይ ርቆ ከሞተና ወሬው ከደረሰ ሦስት ሰዎች ተመርጠው ይላካሉ። አባላቱ መካከል ባሪያዎችም ነበሩበት። በግብዣ ላይ ነገር የሚያነሳና የሚሳደብ ሰው ቅጣቱ ስንት እንደሆነ ሳይቀር ተጽፏል። የእድር ስብሰባ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያ አንቀጽ ለምን እንዳስፈለገ ማብራሪያ አይሻም።

ድንጋዩ ከየት ይመጣል? ማንስ ይቀርጸዋል?

አንድ ሣጥን ከአንድ ወጥ ድንጋይ ነው የሚፈለፈለው። ርዝመቱ 2.1 ሜትር፣ ወርዱና ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥርብ እናስብ። የእብነ በረድ አንድ ሜትር ኩብ 2.7 ቶን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ያ ጥርብ ድንጋይ ከ4 ቶን ተኩል ይበልጣል። ውስጡ ሲፈለፈል ወደ 2 ቶን ይወርዳል። ለዚህ ነው ሆዱን እዚያው ካባው ላይ አውጥተው፣ ውጩን በደምሳሳው ጠርበው በመርከብ የሚጭኑት። የማይፈለግ ድንጋይ ባሕር አቋርጦ ምን ይሠራል?

መርከቡ ሁልጊዜ አይደርስም። በደቡብ ኢጣልያ፣ ታራንቶ አቅራቢያ ሳን ፒየትሮ ኢን ቤቫኛ በሚባል ቦታ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የሰጠመ ጭነት አለ። ከ20 በላይ በከፊል የተጠረቡ ሣጥኖች ዛሬም ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ተቀምጠዋል።

የታወቁት የሥራ ማዕከሎች ሦስት ናቸው፦ ሮም፣ አቴና እና በዛሬዋ ቱርክ መሀል አገር የምትገኘው ዶኪሜዮን። ሥራቸውን ለመለየት ብዙ መማር አያስፈልግም። የሮሙ ሣጥን ብዙውን ጊዜ ፊቱና ሁለቱ ጎኖቹ ብቻ ይቀረጹና ጀርባው እንዲሁ ይቀራል፤ ግድግዳ ተደግፎ ነው የሚቀመጠው። የአቴናውና የዶኪሜዮኑ ዙሪያውን ይቀረጻል። የዶኪሜዮኑ ደግሞ በትናንሽ ዓምዶች የተከፋፈለ፣ በየዓምዱ መሀል ምስል የቆመበት ትንሽ ቤት ይመስላል።

ስለ ቀራጮቹ የምናውቀው ጥቂት ነው። ስማቸውን አይጽፉም። አንዱ ግን ከነሥራው ተርፎልናል። ስሙ ኤውትሮፖስ ነው፤ ክርስቲያን ነበር፤ ልጁ ያሠራለት የመቃብር ጠፍጣፋ ድንጋይ ዛሬ ኡርቢኖ ከተማ ውስጥ ይገኛል። ኤውትሮፖስ ተቀምጦ የአንበሳ ራስ ያለበት ሣጥን በመሰርሰሪያ ይበሳል። እሱ የሚይዘውና የሚመራው ብቻ ነው። መሰርሰሪያው ላይ ገመድ ተጠምጥሟል፤ ፊት ለፊቱ የቆመ ረዳት ገመዱን በሁለት እጁ ወዲያና ወዲህ እየሳበ ያሽከረክረዋል። ሙዚየም ውስጥ በምታዩት የአንበሳ ጋማ ወይም የሰው ጥምዝ ጸጉር ውስጥ ተርታውን የተበሱ ክብ ቀዳዳዎች ካያችሁ፣ ያ የረዳቱ ክንድ ሥራ ነው።

ሥዕሉ የሟቹን ታሪክ ይናገራል?

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሣጥኖቹ ላይ የሚበዛው የግሪክ ተረት ነው። አዳኙ ሜሌያግሮስ ከርከሮ ይወጋል፤ ከዚያ ይሞታል፤ ዘመዶቹ አልጋውን ከበው ያለቅሳሉ። የሙታን ንጉሥ ልጅቷን ፐርሰፎኒን በሠረገላ ይጠልፋታል። የወይን አምላክ ዳዮኒሰስ ከነሰካራሞቹ ይጨፍራል። ሟቹ ከርከሮ አድኖ አያውቅ ይሆናል። ታዲያ ምን አገናኛቸው?

ሙሾን አስቡ። አልቃሿ “አንበሳው” ስትል ሟቹ የባንክ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። ለቀስተኛው ግን ውሸታም አይላትም። የምታወርደው የሕይወት ታሪክ ሳይሆን ውዳሴና ሐዘን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሣጥኑም እንደዚያው ነው። ተረቱ ሁሉም የሚያውቀው የሙሾ ግጥም ነው፤ ቤተሰቡ የራሱን ሰው ስም ያስገባበታል።

ሁለት ሣጥኖች ጠጋ ብለን እንይ።

የመጀመሪያው የተገኘው የሮም ወደብ በነበረችው ኦስትያ ነው፤ አሁን ቫቲካን ይገኛል። የተሠራው በ160ዎቹ ዓ.ም. ገደማ ነው። ያሠራው ጋይየስ ዩኒየስ ኤውሆደስ የኦስትያ አናጢዎችና ግንበኞች ማኅበር ሹም ነበር። ጽሑፉ ሣጥኑን “ለራሱ እና እጅግ ቅድስት ለሆነችው ሚስቱ ለሜቲሊያ አክቴ” እንዳሠራው ይናገራል። እሷ “የአማልክት ታላቂቱ እናት” የምትባለው አምላክ ካህን ነበረች። ሥዕሉ የአልኬስቲስ ታሪክ ነው። በተረቱ ንጉሥ አድሜቶስ ሊሞት ሲል ምትክ ሰው ካገኘ ይተርፋል ተብሎ ሽማግሌ ወላጆቹ እንኳ እምቢ ይላሉ። ሚስቱ አልኬስቲስ “እኔ ልሙትልህ” ትላለች። በኋላ ሄርኩለስ ከሙታን አገር መልሶ ያመጣታል።

ሣጥኑ ላይ አልኬስቲስ አልጋዋ ላይ እያጣጣረች ነው። ፊቷ ግን የተረት ንግሥት ፊት አይደለም። በዘመኑ ፋሽን የተሠራ ጸጉር ያላት፣ ጎልማሳ፣ የታወቀች ሴት ፊት ነው፤ ሜቲሊያ አክቴ ራሷ። አድሜቶስም የኤውሆደስን ፊት ይዟል። የእንጨት ሥራ ማኅበር ሹም ንጉሥ ሆኖ ቆሟል። ሊል የፈለገው ግልጽ ነው፦ ሚስቴ ስለ እኔ የምትሞት ዓይነት ሴት ነበረች፤ ሞት አሸንፎ ያስቀራታል ብዬም አላምንም። ባል ለሚስቱ በድንጋይ ያወረደው ሙሾ ነው፤ ራሱን ንጉሥ ማድረጉን ይቅር ካልነው።

ሁለተኛው ኒው ዮርክ፣ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ነው። በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራ ነው። ጽሑፉ እንደሚለው የአርያ ነው፤ 50 ዓመት ከ10 ወር ኖራለች፤ ያሠራችላት ልጇ አኒኒያ ሂላራ ናት። ሥዕሉ የእረኛው ኤንዲሚዮን ነው። መልከ መልካም ነው፤ ለዘላለም ተኝቷል። የጨረቃዋ አምላክ ሴሌኔ ወዳዋለችና በየሌሊቱ ከሠረገላዋ ወርዳ ትጎበኘዋለች። የ50 ዓመት እናት ከጎረምሳ እረኛ ጋር ምን አገናኛት? በእኛስ “አንቀላፋች” አይባልም? ልጅቷ የፈለገችው እንቅልፉንና ጠያቂውን ይመስለኛል፤ የተኛ ሰው አለ፣ እየመጣ የሚያየው አለ።

ፊት የሌላቸው ሰዎችስ?

ሮም ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያን የማያውቅ የሮም ሐበሻ የለም። ከጣቢያው ፊት ለፊት ፓላዞ ማሲሞ የሚባል ሙዚየም አለ። እዚያ ውስጥ የፖርቶናቾ ሣጥን ይገኛል፤ በ1931 የተገኘ፣ በ180ዎቹ ዓ.ም. ገደማ የተሠራ። ፊቱ ላይ ፈረስና ሰው፣ ጦርና ጋሻ እርስ በርሱ ተጠላልፎ አንድ ጣት የምታሳርፉበት ባዶ ቦታ የለም። መሀል ላይ የጦር አዛዡ ፈረሱን እየጋለበ ይመጣል። የጫማው ማሰሪያ ሳይቀር ተቀርጿል። ፊቱ ግን የለም። ከአንገቱ በላይ ያልተሠራ ድብልብል ድንጋይ ነው።

አልተሰበረም፤ መጀመሪያውኑ አልተቀረጸም። እንዲህ ያሉ ባዶ ፊቶች ብዙ ሣጥኖች ላይ አሉ። የተለመደው ማብራሪያ የገበያ ነው፦ ቀራጩ ሌላውን ጨርሶ ፊቱን ለገዢው ይተወዋል፤ ሞት ግን ቀጠሮ አያከብርም። በቁሙ የገዛ ሰው የራሱን ፊት ሬሳ ሣጥን ላይ ማየት ቀፎትም ይሆናል። ወይም በቀለም ተስሎ የነበረ ፊት ቀለሙ ሄዶ ይሆናል። ቀለም ካልን ደግሞ፣ እነዚህ ሣጥኖች ሲሠሩ እንዲህ ነጭ አልነበሩም። ጸጉር፣ ልብስና ዓይን ይቀለም ነበር። ነጭነቱ የዝናብና የአፈር፣ አንዳንዴም “ላጽዳው” ብሎ የፈተገው ሰው ሥራ ነው።

ክርስቲያኖቹ መጥተው ምን አደረጉ?

ያንኑ ቀራጭ ቀጠሩ። ሮም ፎረም በሚባለው የጥንቱ አደባባይ አጠገብ ባለችው ሳንታ ማሪያ አንቲኳ ቤተ ክርስቲያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሣጥን አለ። ነቢዩ ዮናስ ከዓሣው ሆድ ወጥቶ በቅሉ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ራቁቱን፣ ጎረምሳ ሆኖ፣ አንድ እጁን ከራሱ በላይ አድርጎ። ይህ የኤንዲሚዮን አተኛኘት ነው! ቀራጩ የሚያውቀውን የተኛ ሰው ወስዶ ቅል ተከለበት። ጾመ ነነዌን የጾመ ሰው ይህን ዮናስ ቢያይ መጀመሪያ አያውቀውም።

በ359 የሮም ከተማ ገዥ ዩኒየስ ባሱስ በ42 ዓመቱ ሞተ። የተጠመቀው ሊሞት ሲል ነበር። ሣጥኑ ላይ በሁለት ረድፍ አሥር ታሪኮች አሉ፦ አብርሃምና ይስሐቅ፣ አዳምና ሔዋን፣ ኢዮብ፣ ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ፣ ሆሣዕና፣ ጲላጦስ። መሀል ላይ ክርስቶስ ጢም የሌለው ወጣት ሆኖ በዙፋን ተቀምጧል። እግሩ የሚያርፈው የድሮው የሰማይ አምላክ በራሱ ላይ በዘረጋው ጨርቅ ላይ ነው። አዲሱን ለማሳየት አሮጌውን ከእግሩ በታች አስቀመጡት። ዘመኑን ከእኛ ጋር ማስተያየት ለሚፈልግ፣ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቆንስታንቲየስ ለአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ደብዳቤ የጻፈው በዚያው በ350ዎቹ ውስጥ ነው።

ታዲያ መጠጥ ቤት ድረስ ምን አደረሳቸው?

ድንጋይ ናቸው፤ ጠንካራና የተፈለፈለ ድንጋይ ደግሞ ማንም አይጥልም። የተከበረ ሰው ተቀብሮባቸዋል። ኢጣልያ ፒዛ ውስጥ በ1076 የሞተችው ባለርስት ቤያትሪስ የተቀበረችው በሮማውያን ሣጥን ውስጥ ነው። ሥዕሉ እንጀራ ልጇን የተመኘችው የንግሥት ፌድራ ታሪክ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን አጸድ የሚመች ወሬ አይደለም። ቀራጩ ኒኮላ ፒዛኖ ግን በዚያ ሲመላለስ አየው። በ1260 በጨረሰው የፒዛ መስበኪያ ሰገነት ላይ ሰብአ ሰገል ሲሰግዱ፣ ድንግል ማርያም የተቀመጠችው በፌድራ አቀማመጥ ነው።

ሌሎቹ የከብት ማጠጫ፣ የአበባ መትከያ፣ የአደባባይ ፏፏቴ ገንዳ ሆነዋል። ሙዚየም ስትገቡ መጀመሪያ ጀርባውን ዙሩ፤ የሮም ነው ወይስ አይደለም ትላላችሁ። ጽሑፉ ላይ ዲ እና ኤም የሚመስሉ ሁለት ፊደላት ከቀደሙ “ለሟች መናፍስት” ማለት ነው። ፊቶቹን እዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ የተለየ የእውነተኛ ሰው ፊት ካለው ባለቤቱ እሱ ነው። ከዚያ ጎንበስ በሉና ግርጌውን ተመልከቱ። ብዙዎቹ ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ፤ በኋላ ዘመን ሰው የበሳው የውሃ መውረጃ ነው።